ከላፕቶፑ በፊት ፋይሉ፦ ለዲጂታል ሽግግር ሥራ ወጣት አማካሪዎችን የማሠልጠን ዝርዝር መመሪያ

አንድ መሥሪያ ቤት «ወደ ዲጂታል ልንሸጋገር ነው» ብሎ አማካሪ ሲቀጥር፣ ከአማካሪው ድርጅት ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት ሰው ይመጣል። ውሉን የፈረመው አንጋፋ፣ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው የዘርፉ ባለሙያ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው የሚውለው ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት። የፕሮጀክቱ ዕጣ በአብዛኛው በሦስተኛው እጅ ነው። ቅጹን የሚያገላብጠው፣ ከሠራተኛው ጋር ሻይ የሚጠጣው፣ የሰማውን ጽፎ ለአለቆቹ የሚያቀርበው እሱ ነው። እኛ ግን ሁለት ቀን ስለ ድርጅታችን ገለጻ ሰጥተነው፣ ላፕቶፕ አስታጥቀን እንልከዋለን።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን የማሠልጠን ኃላፊነት ለወደቀብዎት ለእርስዎ ነው። የአማካሪ ድርጅት ባለቤት፣ የሥራ አመራር መምህር ወይም በአንድ ተቋም የለውጥ ሥራ ኃላፊ ሊሆኑ ይችላሉ። ሥልጠናው አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ካልተለየ በቀር ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው።

ሥራው እንደሆነ ሞልቷል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለውን ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ካጸደቀ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አማካሪ የማይፈልግ ተቋም ማግኘት ከባድ ሆኗል። የስትራቴጂው ስም ላይ ያለው 2025 የጎርጎርዮሳውያን፣ የጸደቀበት 2012 ደግሞ የእኛ መሆኑን ለሠልጣኞች በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ። በአራተኛው ሳምንት አይስቁም።

ምርጫ

የመመረቂያ ነጥብና አቀላጥፎ እንግሊዝኛ መናገር ጥሩ ነገር ነው፤ አማካሪ ግን አያደርግም። አመልካቾችን ሰው ወደሚበዛበት ቦታ ለአንድ ሰዓት ይላኳቸው፤ ባንክ፣ የታክሲ ሰልፍ ወይም የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሁን። ሲመለሱ ያዩትን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይመጣልዎታል። አንዱ «አገልግሎቱ ቀርፋፋ ነው፤ ሠራተኞቹ ተነሳሽነት ይጎድላቸዋል» ይላል። ሌላው «ካርድ አውጪዋ ስልክ ቁጥሩን ሁለቴ ጠየቀች፤ በሁለት መዝገብ ላይ ጻፈችው፤ ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ለባለጉዳዩ ሰጠችው» ይላል። ፊደል ቢገድፍም ሁለተኛውን ይቅጠሩ። ፍርድ ለመስጠት የሚቸኩል ሰው ማየት አይችልም፤ ይህን ደግሞ በአሥራ ሁለት ሳምንት ማስተካከል እኔ አልቻልኩበትም።

ቡድኑ ከአንድ የትምህርት ክፍል የመጣ አይሁን። ሒሳብ ያጠና፣ ሶፍትዌር የሚጽፍ፣ ነርስ የነበረ፣ ሶሺዮሎጂ የተማረ ቢደባለቁ ይመረጣል።

1ኛ እና 2ኛ ሳምንት፦ ፋይሉን መከተል

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ላፕቶፕ አይሰጥም። ደብተር፣ እርሳስ እና የእጅ ሰዓት ይበቃል።

ፈቃደኛ የሆነ አንድ ተቋም ያግኙና አንድ ትንሽ አገልግሎት ይምረጡ፤ የፈቃድ እድሳት፣ የዓመት እረፍት ጥያቄ ወይም የዕቃ ግዢ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ሠልጣኙ አንድ ፋይል ከመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ወጪ እስከሚሆን ድረስ በአካል ይከተለው። ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ከተኛ፣ ሠልጣኙም እዚያው ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ማረፊያ አምስት ነገር ይመዝግብ፦ ፋይሉን ማን ነካው፣ ምን አደረገበት፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ከዚያ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ተኝቶ ቆየ፣ ከፋይሉ ላይ ምን ወደ ሌላ ቦታ ተገለበጠ።

በጃፓኑ የመኪና አምራች ቶዮታ ውስጥ የምርት ኃላፊ የነበረው ታይቺ ኦኖ መሐንዲሶችን በጠመኔ በተሰመረ ክብ ውስጥ አቁሞ ሥራውን እንዲያዩ ያደርግ እንደነበር ይነገራል። ካይዘን የተባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ በ2004 ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለት ወደ እኛ ሲመጣ ገምባ የሚለው ቃልም አብሮ መጥቷል፤ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ማለት ነው። ቃሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ቦታው ላይ የሚቆመው ግን ጥቂት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሒሳቡን በሰሌዳ ላይ አብረው ይሥሩ። ለምሳሌ ፋይሉ ዘጠኝ የሥራ ቀን ፈጀ እንበል። መዝገብ ቤት 10 ደቂቃ፣ ባለሙያው 30 ደቂቃ፣ ቡድን መሪው 10 ደቂቃ፣ ዳይሬክተሩ 5 ደቂቃ ሠሩበት። በድምሩ 55 ደቂቃ ነው። አሁን ሠልጣኞቹን ይጠይቁ፦ እጅግ ዘመናዊ ሶፍትዌር ገዝተን የባለሙያውን 30 ደቂቃ ወደ 10 ብናወርደው፣ ባለጉዳዩ ከዘጠኙ ቀን ስንቱን አተረፈ? ሃያ ደቂቃ። ቀሪው ጊዜ የሄደው አንዱ ፊርማ ሌላውን ፊርማ ሲጠብቅ ነው።

ክፍሉ ዝም ይላል። ዝምታውን አይቁረጡት። ከዚህ በኋላ «የትኛውን ሶፍትዌር እንምረጥ?» ብሎ የሚጀምር ሠልጣኝ አይኖርም፤ «ለምን አራት ፊርማ?» ብሎ ይጀምራል።

3ኛ ሳምንት፦ መጠየቅ፣ እና «እሺ»ን መተርጎም

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ብዙ አማካሪ አይቷል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና መጣ፣ ካይዘን መጣ። በየጊዜው ወንበር ተቀያየረ፣ ግድግዳ ፈረሰ፣ አዲስ ቅጽ ተጨመረ። ወጣቱ አማካሪ ደብተሩን ይዞ ሲገባ ሠራተኛው በልቡ «ደግሞ ሌላ አንድ» ይላል። ይህን ሠልጣኙ ሊያውቀውና ሊያከብረው ይገባል። ታክቶት እንጂ ለውጥ ጠልቶ አይደለም።

አቀራረቡን በተግባር ያለማምዷቸው። አንድ ሠልጣኝ ሃያ አምስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠሩ እናት ሆኖ ይቀመጥ፣ ሌላው ይጠይቅ። «አንቺ» ብሎ የጀመረ ወጥቶ እንደገና ይግባ። «እርስዎ» ብሎ፣ እንደ ቤቱ ልማድ «እትዬ» ወይም «ወይዘሮ» ብሎ፣ ቆሞ ሳይሆን ወንበር ስቦ፣ ደብተሩን ወዲያው ሳይገልጥ ይጀምር።

ጥያቄውም ይለወጥ። «ያሉት ችግሮች ምንድን ናቸው?» ብሎ የጠየቀ የሚያገኘው መልስ በቃል የተያዘ ነው፦ የበጀት እጥረት፣ የኮምፒውተር እጥረት፣ የግንዛቤ እጥረት። «ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የመጡት ባለጉዳይ ምን ይዘው መጡ? ከዚያ እርስዎ ምን አደረጉ? ፋይሉ ባይገኝ ኖሮስ?» ብሎ የጠየቀ ግን ሥራውን ያያል።

«እሺ» ራሱን የቻለ የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። በስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ «እሺ» ካሉ፣ ሠልጣኙ ቃለ ጉባኤው ላይ «ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል። ስሕተት ነው። «እሺ» ሰምቻለሁ ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ ላለማሳፈር ሊሆን ይችላል፤ በኋላ እናየዋለን ሊሆን ይችላል። ስምምነት መሆኑ የሚታወቀው ቀንና ስም ሲከተለው ነው፦ «እሺ፣ ዝርዝሩን እገሌ እስከ ሐሙስ ይሰጣችኋል»። ሠልጣኞች ከአንድ ስብሰባ የሰሟቸውን «እሺ»ዎች ሁሉ ጽፈው ስንቱ ቀንና ስም እንዳለው ይቁጠሩ።

አሁን ስለ መሳቢያው ደብተር ልንገርዎ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ለአንድ መሥሪያ ቤት የገቢና ወጪ ደብዳቤ መከታተያ አዘጋጅተን አስረክበን ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ስመለስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሲስተሙን ትሞላለች፤ ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ባለ ሠላሳ ሁለት ቅጠል ደብተር አውጥታ እንደገና ትጽፋለች። ለምን ስላት ገረማት። ደብዳቤውን በእጁ ተቀብሎ የሄደው ተላላኪ ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ሲስተማችን ውስጥ አልነበረም። ደብዳቤ ሲጠፋ የምትጠየቀው እሷ ናት፤ የሚያድናት ደብተሩ ብቻ ነው። ያን ያህል ቃለ መጠይቅ ስናደርግ መሳቢያውን አላየነውም ነበር።

ስለዚህ የሦስተኛው ሳምንት የመጨረሻ ተልእኮ ይህ ነው፦ በተቋሙ ውስጥ ማንም ያላዘዛቸውን ደብተሮች፣ የግል የኤክሴል ሰንጠረዦችና የግድግዳ ወረቀቶች መፈለግ፤ እያንዳንዱ ማንን ከምን እንደሚጠብቅ መጻፍ። የባለቤቱ ስም በሪፖርት ላይ አይወጣም። ይህን ሕግ አንድ ጊዜ የጣሰ ሠልጣኝ በዚያ ቤት ሁለተኛ እውነት አይነገረውም።

4ኛ እና 5ኛ ሳምንት፦ ስም፣ ቀን፣ ሰዓት

ከውጭ የተገዛ ሲስተም አገራችን ሲገባ መጀመሪያ የሚሰናከለው በስም ላይ ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። የአያት ስም ይሞላበታል፣ አንዳንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ከዚያ ወንድምና እህት የተለያየ ቤተሰብ ይሆናሉ።

ሠልጣኞቹን «ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ስም ሰጥተው ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ያስቆጥሯቸው። የመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ሐ፣ ሀ ወይም ሃ። ይህ ብቻ ስድስት ነው። ኃይለ በአራት ዓይነት ፊደል ሊጀምር ይችላል፣ ሥላሴ በሁለት፣ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው ወይም ተለያይተው ሊጻፉ ይችላሉ። ሲባዛ 96 ይሆናል። ኃ/ሥላሴ ተብሎ በእዝባር ሲያጥር፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍም ሌላ ጭማሪ አለው። ለኮምፒውተሩ 96 ሰው ናቸው፤ ለእኛ አንድ ጎረቤት።

ከዚያ ሁለት መቶ መስመር ያለው የፈጠራ ስም ዝርዝር ያዘጋጁ፤ ተደጋጋሚ ሰዎችን ሆን ብለው ይክተቱበት። «እዚህ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ብለው ይጠይቁ። የሠልጣኞቹ መልስ ይለያያል። መልሱ ራሱ ያን ያህል አያስጨንቅዎት፤ እንዴት እንደደረሱበት፣ በተለይም ሁለት የተለያዩ ሰዎችን በስሕተት አንድ ቢያደርጉ ማን እንደሚጎዳ ያስረዱ። ጡረታ የሚቀበሉ ሁለት እናቶች አንድ ከተደረጉ አንዷ ጦሟን ታድራለች። ባለ 12 አሃዝ የሆነው የፋይዳ (የዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር መምጣት ይህን ችግር ወደፊት ያቀልለዋል፤ ነገር ግን በመዝገብ ቤት ካርቶን ውስጥ ያለው የሠላሳ ዓመት ፋይል የፋይዳ ቁጥር የለውም። በስም ነው የተቀመጠው።

ቀኑ ደግሞ አለ። ብዙ ሰው ወደ ጎርጎርዮሳዊው ለመቀየር ስምንት ይደምራል። ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 የተወለደ ሰው ጃንዋሪ 1998 ላይ ያርፋል፤ ስምንት ልክ ነው። ከአምስት ቀን በፊት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 የተወለደው ግን የ1997 ሰው ነው፤ የሚደመረው ሰባት ነው። ሲስተሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የሚባል ቀን ይቀበል እንደሆነ ያስሞክሯቸው። ያ ቀን ነበረ፤ ሰው ተወልዶበታል፣ ደረሰኝ ተቆርጦበታል። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር ግን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር፣ አዲሱ ዓመት መስከረም 1 ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ ሲያበቃ «የዓመቱ ሪፖርት» የሚለው አዝራር ሦስት ትርጉም አለው። «ቀጠሮዎ 3 ሰዓት ነው» የሚል አጭር መልእክት የደረሳቸው እናት የሚመጡት ጠዋት ነው፤ ሲስተሙ ያሰበው ግን ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሳምንት ለዚህ ብዙ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ፕሮጀክት ሲዘገይ ካየሁባቸው ምክንያቶች ትልቁ ያልጸዳ መረጃ ነው፤ በውሉ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ብቻ ይሰጠዋል።

6ኛ ሳምንት፦ ማኅተሙን ማን አዘዘው?

ሠልጣኞች በተከተሉት ፋይል ላይ ያሉትን ፊርማዎችና ማኅተሞች ሁሉ ይዘርዝሩ። ለእያንዳንዱ የሚያዝዘውን አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ከነአንቀጹ ፈልገው ይምጡ። ብዙዎቹ ፊት ለፊት «ልማድ» የሚል ይጻፍባቸዋል። ልማድ የሆነው በኃላፊው ውሳኔ ሊቀር ይችላል፤ ሕግ የሆነው ግን ሕጉ ካልተለወጠ አይቀርም፤ አማካሪ ሁለቱን መቀላቀል የለበትም።

አራት አዋጆችን ሰነዱን ይዘው ያንብቡ፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። የመጨረሻውን በሠልጣኞቹ በራሳቸው ስልክ ይጀምሩ። በተከተሉት ፋይል ላይ ያነሱት ፎቶ የት ነው ያለው? በቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ላይ? የባለጉዳዩን ማመልከቻ እንዲያሳጥርላቸው ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ለጥፈውታል? እኔ ስጠይቅ አንገታቸውን የማይደፉ ጥቂቶች ናቸው። ፎቶውንም የተለጠፈውንም እዚያው እንዲሰርዙት ያድርጉ።

7ኛ ሳምንት፦ ለመጠየቅ የሚበቃ ቴክኖሎጂ

ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅባቸውም። ሻጭ ፊት ተቀምጠው እንዳይሸወዱ ግን ጥቂት ጥያቄዎችን ከነምክንያታቸው ይወቁ። መብራት ሲጠፋ ግማሽ የተሞላው ቅጽ የት ይሄዳል? መረጃው የማን ነው፣ ውሉ ሲያበቃስ በምን መልክ ተላልፎ ይሰጣል? ስማርት ስልክ የሌለው ባለጉዳይ በምን ይገለገላል? የፈቃድ ክፍያው በብር ነው ወይስ በዶላር? ይህ የመጨረሻው ተራ ጥያቄ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲተው 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዓመታዊ ክፍያው በዶላር የታሰረ ተቋም የበጀት ሠንጠረዡን እንደገና ለመሥራት ተገደደ።

8ኛ ሳምንት፦ አንድ ውድቀት፣ እስከ ሥሩ

አሥር ምሳሌ ከማስቃኘት አንዱን በደንብ ያስጠኑ። እኔ የእንግሊዝን ፖስታ ቤት እመርጣለሁ። ከ1999 ጀምሮ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር፣ ፉጂትሱ ያቀረበው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም በቅርንጫፎች ተዘረጋ። ሲስተሙ የገንዘብ ጉድለት ያሳይ ጀመር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎች «አልወሰድንም» ሲሉ የሚሰማቸው አልነበረም፤ ውላቸው ጉድለቱን እንዲከፍሉ ያስገድድ ነበር፣ ሕጉም ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብሎ ይገምት ነበር። ከ900 በላይ ሰዎች በወንጀል ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤት በ2019 ሲስተሙ ስሕተት እንደነበረበትና የቅርንጫፍ ሒሳብ ከውጭ ሊነካ ይችል እንደነበር አረጋገጠ፤ በ2024 ፍርዶቹን የሚሽር ሕግ ወጣ።

ሠልጣኞች ቴክኒኩን ትተው አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ሲስተሙና ሠራተኛዋ ሲለያዩ፣ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ ነው? መልሱን አሁን በሚሠሩበት ተቋም ላይ ይሞክሩት። የመሳቢያው ደብተር ያን ጊዜ ሌላ መልክ ይይዛል።

9ኛ ሳምንት፦ አንድ ገጽ፣ በአማርኛ

ላፕቶፑ አሁን ይከፈት። ሠልጣኙ ምክረ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ይጻፍ፦ ምን ይቅር፣ ምን ይለወጥ፣ ምን በኮምፒውተር ይሠራ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ከዚያ ፋይሉን ሲከተል ላገኛት ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ በአማርኛ ያስረዳ። የሚያሳልፈው ወይም የሚጥለው እርስዎ አይደሉም፤ እሷ ናት። «ገብቶኛል፤ ግን ይህ እኔ ጋ አይሠራም፣ ምክንያቱም…» ካለች ሥልጠናው እየሠራ ነው። ሰማንያ ገጽ የእንግሊዝኛ ሪፖርት በቢጋሩ (በሥራው ዝርዝር ሰነድ) ከተጠየቀ ይጻፋል፤ ግን መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ አያነበውም።

ከ10ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ መስኮቱ ላይ

ሙከራው በአንድ መስኮት፣ በአንድ አገልግሎት ይጀምር። ሠልጣኙ ከሠራተኛዋ ጎን ይቀመጥ እንጂ ከኋላ ቆሞ አይመልከት። «ሲስተም የለም» የሚለውን የታወቀ ቃል ለማስቀረት፣ ሲስተም በሚቆምበት ሰዓት የሚሞላ ተከታታይ ቁጥር ያለው ወረቀት አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ሲመለስ ማን እንደሚያስገባውም ይወሰን። ባለጉዳይ በመብራት መጥፋት ምክንያት «ነገ ይምጡ» መባል የለበትም።

ወረቀቱና ሲስተሙ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ አጭር ይሁን፤ ወረቀቱ የሚቆምበት ቀን አስቀድሞ በኃላፊው ፊርማ ይታወቅ። ቀን ካልተቆረጠለት ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ወረቀቱ ነው፤ ሠራተኛውም ድርብ ሥራ ይሸከማል።

የሠራተኞች ሥልጠና ሲዘጋጅ ሠልጣኙ የተሳታፊዎቹን ዝርዝር ራሱ ይመርምር። አበል ያለበት ሥልጠና ከከተማ ውጭ ሆቴል ውስጥ ከሆነ ዝርዝሩ ላይ የሚገኙት አለቆች ናቸው፤ ቁልፉን የምትጫነው ሠራተኛ መስኮቱን ጠብቃ ትቀራለች። እዚያው መሥሪያ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ሰዓት ማሠልጠን ይሻላል። ማስቆጣቱ አይቀርም፤ ወጣቱን ከቁጣው የሚከልሉት እርስዎ ነዎት።

ከሦስት ወር በኋላ

ሠልጣኙን ወደዚያው መሥሪያ ቤት ይመልሱት፤ ሪፖርት ሳይጠየቅ፣ ደብተርና እርሳስ ይዞ። ሁለት ነገር ያጣራ። ተቋሙ አማካሪ ሳይጠራ አንድ ቅጽ ወይም አንድ የሥራ ደረጃ በራሱ ለውጧል? የሠራተኛዋ መሳቢያ ውስጥስ ደብተር አለ? ካለ አይዘን፣ አይገሥጽም። ወንበር ስቦ ይቀመጥና እንድታሳየው ይጠይቃት፤ የሚቀጥለው ሥራ ዝርዝር እዚያ ውስጥ በእጅ ጽሕፈት ተጽፎ ያገኘዋል።